ሠሪው ያልተጻፈበት መዝገብ

ዱመርሶ በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኝ የቡና ቀበሌ ናት። እሸት ቡናዋ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ በአልጋ ላይ ደርቆና ተቀሽሮ ባሕር ሲሻገር ስሟ አብሮት ይሄዳል፤ ጌዴኦን በካርታ ላይ የማያውቅ የሩቅ አገር ቡና ቆዪ “ዱመርሶ” የሚለውን አንብቦ ለደንበኛው ያስረዳል። ስሙ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይጓዝም ነበር። በ2001 ዓ.ም የግል አቅራቢዎች ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር፣ የየማጠቢያው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋር ይቀላቀል ስለነበር የቀበሌው ስም መጋዘን በር ላይ ይቀር ነበር። በ2009 ዓ.ም የተጀመረው የግብይት ማሻሻያ ከመጣ በኋላ ነው ቡናውን እስከ ማጠቢያ ጣቢያው ድረስ ተከትሎ ማወቅ እንደገና የተቻለው።

ቡናው የተለቀመበት ቅርጫት ዕጣው ሌላ ነው። ከዚያው ቀበሌ አንድ ቅርጫት፣ አንድ ጀበና ወይም አንድ የእንሰት መፋቂያ ተገዝቶ ሙዚየም ቢገባ፣ በካርዱ ላይ የሚሰፍረው እንደተለመደው የዕቃው ዓይነት፣ የብሔረሰቡ ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ የመጣበት ቀንና የሰበሰበው ሰው ስም ነው። የሠራው ሰው መስመር ባዶ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም መስመሩ ራሱ የለም። አገራችን ውስጥ የዕደ ጥበብና የአካባቢ ሥዕል ትናንሽ ሙዚየሞች እንዴት እንደተወለዱ ስከታተል ያለማቋረጥ የሚገጥመኝ ይህ ባዶ መስመር ነው። ቤቶቹን ያቆሙት ሰዎች ታላቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ያለ እነሱ ዛሬ የምናየው አብዛኛው ነገር ተሸጦ ወይም በስብሶ ባለቀ ነበር። መዝገባቸው ግን የገዛውን እንጂ የሠራውን አያስታውስም፤ ይህ ደግሞ እንደ ጌዴኦ ባለ፣ ሠሪዎቹ ዛሬም በሕይወት ባሉበት አካባቢ ሊታረም የሚችል ነገር ነው።

ዕቃዎቻችን ሙዚየም የገቡት እኛ ሙዚየም ለማቋቋም ከማሰባችን በፊት ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ሲወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ አብሮ ነበር። የተዘረፈው ሁሉ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሲሸጥም ለሙዚየሙ ገዝቷል። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳዮች የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ ጎንደር ደረሰና የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች አንስቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ። በምትካቸው ከጉዞው ጋር የነበረው ሠዓሊ ጋስተን ልዊ ሩ አዲስ ሥዕል ሥሎ ሰጠ። የጉዞው ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት ለሰብሳቢዎች መመሪያ አሳትመው ነበር፤ ተራው የቤት ዕቃ ከብርቁ ጌጥ ያላነሰ ዋጋ እንዳለው፣ እያንዳንዱ ነገርም ከየት እንደመጣና ለምን እንደሚያገለግል መጻፍ እንዳለበት ያስተምራል። ይህን መመሪያ በቁጭት ነው የማስበው። ዘዴው ትክክል ነበር፤ በዘዴው የተሰበሰበው ግን ከባለቤቶቹ ተነጠቀ።

ደቡቡም ከዚህ አላመለጠም። በጌዴኦ ደጋ ያሉትን ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፍራንስዋ አዛይስና ሮዤ ሻምባር ጎብኝተው በ1931 ባሳተሙት መጽሐፍ ለአውሮፓ አስተዋወቁ። እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1935 ደግሞ አዶልፍ የንሰን የመራው የፍራንክፈርቱ የፍሮቤኒየስ ተቋም ጉዞ ደቡብ ኢትዮጵያን ዞረ። ከጉዞው ጋር አልፍ ባይርለ የሚባል ሠዓሊ ነበረና ትክል ድንጋዮችንና ሰዎችን ይሥል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው መጽሐፋቸው ስለ ገዳ ሥርዓት አገር ነው። በሁለቱም ጉዞዎች ጽሑፍ ውስጥ የተመራማሪዎቹና የሠዓሊው ስም በግልጽ አለ። ድንጋዩን የጠረበው ትውልድ ስም በዘመን ርቀት ጠፍቷል፤ ለዚህ ማንም ሊወቀስ አይችልም። በዚያው ወቅት በሕይወት የነበሩት ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔና እንጨት ጠራቢ ግን ስማቸውን ቢጠየቁ ይናገሩ ነበር።

የዕደ ጥበብ ሙዚየም የሚባለው ዓይነት ተቋም በአውሮፓ የተፈጠረው ለሠሪው ተብሎ ነው። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1851 ታላቁ የኢንዱስትሪ ትርኢት ከተካሄደ በኋላ በዓመቱ የተጀመረው፣ ኋላ ቪክቶሪያና አልበርት የተባለው ሙዚየም ዋና ዓላማው የእንግሊዝ የእጅ ሥራ ባለሙያና የፋብሪካ ሠራተኛ ጥሩ ነገር እያየ እንዲማር ነበር። ለሠራተኛ እንዲመች ማታ በጋዝ መብራት ይከፈት ነበር። ዛሬ ከመቅደላ የሄደው የወርቅ ዘውድና ጽዋ የሚገኘው በዚሁ ቤት ነው። ሠሪን ለማስተማር የተቋቋመው ቤት፣ የሩቅ አገር ሠሪዎች ሥራ ያለ ስማቸው የሚቀመጥበት ሆነ።

በእኛ ዘንድ ችግሩ ከሙዚየሙም በፊት ነበረ። ብረት ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ለዘመናት ተንቀው ኖረዋል፤ መሬት ተነፍገዋል፣ ጋብቻ ተከልክለዋል፣ ቡዳ ተብለዋል። ማረሻውን የሚሠራውን ሰው አብሮት ማዕድ የማይቀርብ ገበሬ ጥቂት አልነበረም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። አዋጁ ዘመናዊነትን የተረዳ የመሪ ቃል ቢሆንም ስድቡን ከመንደር ማጥፋት አልቻለም። እንግዲህ ሙዚየም የሚባለው ነገር ሲመጣ የተናቀው ሰው ሥራ በመስታወት ውስጥ ክብር አገኘ፤ ሠሪው ግን ከመስታወቱ ውጭ እንደተናቀ ቀረ። ስሙን አለመጻፍ ለሰብሳቢው ቸልታ ሊሆን ይችላል፤ በሠሪው ላይ ግን የቆየ ቁስል ላይ የሚጨመር ነው።

የአገራችን የዚህ ዓይነት ሙዚየም እናት ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ታሪኩ የሚጀምረው አራት ኪሎ ከነበረው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲከፈት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የሚባል ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ መጣ። አገሩን በጦርነትና በፖለቲካ ያጣ ስደተኛ ነበር። መጻሕፍት እየሰበሰበ መስቀል፣ ሥዕል፣ የቤት ዕቃና የሙዚቃ መሣሪያም መሰብሰብ ጀመረ። በዚያው ዘመን የኮሌጁ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው ስለየትውልድ መንደራቸው ወግ፣ ሠርግና ልቅሶ እየጻፉ መጽሔት ያወጡ ነበር። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን የታሪኩን ክፍል ነው። ተመራማሪ የተባለው ሰው ከውጭ የመጣ ባዕድ ሳይሆን ለእረፍት ወደ ቤቱ የሄደ የአሥራ ዘጠኝና የሃያ ዓመት ልጅ ነበር። አያቱን ስሟን ሳይጠራ ሊጽፍ አይችልም።

ከዚያ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መጣ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ባለሥልጣናት ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ በቤቱ መኖር አልፈለጉም፤ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ያ ቤት ከዚህ በፊትም ደም አይቷል፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያው ደጃፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ የሆይናትስኪ ስብስብም ቤት አገኘ። ዛሬ ጎብኚው የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍልና የእቴጌዪቱን መታጠቢያ ቤት አይቶ፣ ወዲያው የገበሬን ማረሻና የሕፃን ማዘያ የሚያገኘው በዚሁ የተነሳ ነው።

ስብስቡ ያደገው በግዢ ነው። ያኔ ጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች ከገጠር አብያተ ክርስቲያናትና ከመንደር ቤቶች የሚመጣውን ለቱሪስትና ለኤምባሲ ሰዎች ይሸጡ ነበር። የመጀመሪያው የቅርስ ጥበቃ አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ከወጣ በኋላም በድንበር የሚሾልከው ብዙ ነበር። ተቋሙ በጀቱ ጠባብ ስለነበረ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ፤ አባላቱ ገንዘብ እያዋጡ፣ ሊወጣ የተቃረበን ዕቃ ነጋዴው እጅ ላይ ሳለ ይገዙለት ነበር። ይህ ሥራ ብዙ ሥዕል አድኗል። ዋጋው ግን ይህ ነው፤ ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ ታሪኩ ነጋዴው ጋ ይቆማል። ነጋዴው ከየትኛው መንደር እንዳመጣው መናገር አይፈልግም፤ ቢናገርም ሠሪውን አያውቅም። ስለዚህ በዚያ ዘመን መዝገብ ላይ ያለው ባዶ መስመር የሰብሳቢዎቹ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ዕቃው የመጣበት መንገድ ያስከተለው ነው። ይህን ሳላነሳ ብወቅሳቸው ፍርዴ ይጎድላል።

ሆይናትስኪ ራሱ በሥዕሎቹ በኩል የሠዓሊዎቹን ስም ለማግኘት ሕይወቱን ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያን ሥዕል ዐበይት ጭብጦች ዘመን በዘመን ይከተላል፤ ካናዳ ከሄደ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2010 እስኪያርፍ ድረስ ሥራውን አልተወም። የጥንት ሠዓሊዎቻችን በአብዛኛው በሥራቸው ላይ አይፈርሙም፤ ሥዕሉ ለእግዚአብሔር የቀረበ ነውና። ያም ሆኖ በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለ የእመቤታችን ሥዕል ላይ የተገኘ ጽሑፍ በአጼ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረውን ፍሬ ጽዮን የተባለ ሠዓሊ አሳወቀን። ከዚያ አንድ ስም ተነስተው ማሪሊን ሄልድማንን የመሰሉ ተመራማሪዎች የእጁን አጣጣል ተከትለው ሌሎች ሥራዎቹን ለዩ። አንድ የተጻፈ ስም እስከ አምስት መቶ ሃምሳ ዓመት ድረስ ይሠራል።

ሥዕል በዘመናችን ከባዶው መስመር የወጣው በትምህርት ቤት ነው። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርታቸው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲያቋቁሙ ሠዓሊ ማለት ስም ያለው፣ ትርኢት የሚያቀርብ፣ ሥራው የሚሸጥለት ሰው ማለት ሆነ። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን በዚሁ ቤት አስተምረዋል፤ የገብረ ክርስቶስ ሥራዎች ዛሬ በስሙ በተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይታያሉ። ዘሪሁን የትምጌታን ውሰዱ። የቀርከሃ ስንጥቆችን እንደ ሸማኔ ዕቃ ጎን ለጎን አሰልፎ ይሥልባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ሽልማት ያገኘ ሠዓሊ ነው። ቀርከሃውም ሽመናውም የመጡት ስማቸውን ከማናውቃቸው እጆች ነው። ሠዓሊው ይህን ያውቃል፤ ሥራውም ለእነሱ ክብር ይመስለኛል። ሙዚየም ግን የእሱን ስም በግድግዳ ላይ ሲያሰፍር በሌላ ክፍል የተቀመጠውን ቅርጫት “ደቡብ ኢትዮጵያ” ብሎ ያልፈዋል።

ይህን ልዩነት አስቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ሬይመንድ ሲልቨርማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ትርኢትና በ1999 የወጣው መጽሐፍ ስለ “ባህል” በጥቅሉ አያወራም፤ እያንዳንዱን ምዕራፍ በአንድ በሕይወት ባለ ባለሙያ ዙሪያ ያዞራል። ሸክላ ሠሪዋ፣ ስፌት ሰፊዋ፣ ብር ሠሪው፣ ሸማኔው ሁሉም በስማቸው፣ በፎቶግራፋቸው፣ ሙያውን ከማን እንደተማሩ ጭምር ይታያሉ። ሠዓሊው ቄስ አዳሙ ተስፋው ከዚያ ሥራ በኋላ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፋውለር ሙዚየም ለብቻቸው ትርኢት ተዘጋጅቶላቸዋል። አንድ የቤተ ክህነት ሠዓሊ በስሙ ሲጠራ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከአዲስ አበባ ውጭ የተወለዱት ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መነሻ አላቸው። ሐረር ላይ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የከተማቸውን የብራና መጻሕፍት፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጥና የተቀዱ ዜማዎች በግል ገንዘባቸው እየሰበሰቡ መጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው አሳዩ። በኋላ ከተማው ተፈሪ መኮንን ኖረውበታል የሚባለውን ያማረ ቤት ሰጣቸው። የሐረሪ ቤት ራሱ የዕደ ጥበብ ማሳያ ነው፤ በግድግዳው ላይ የሚደረደረው ሙዳይና ስፌት የቤቱን ሴቶች ጣት ይናገራል፤ የትኛውን ማን እንደሰፋው የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዕቃ ከዚያ ግድግዳ ወርዶ ወደ ሙዚየም ግድግዳ ሲዛወር ይህ እውቀት አብሮ እንዲዛወር ካልተደረገ፣ ቤተሰቡ የሰጠው ግማሹን ብቻ ነው።

ኮንሶ ሌላ ትምህርት አለው። ዋካ የሚባሉት የእንጨት ሐውልቶች የአንድ የታወቀ ጀግና መታሰቢያ ናቸው፤ እሱ፣ ሚስቶቹ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከመቃብር ላይ እየተነቀሉ ለውጭ ገበያ መሸጥ ሲበዛ፣ የተያዙትንና የቀሩትን ለማኖር ካራት ላይ ሙዚየም ተሠራ። ሌባ የነቀለው ዋካ የማን እንደነበረ የሚነግር ከሌለ ጀግናው ሁለተኛ ይሞታል። ስለ ጂንካ በአጭሩ፦ በጀርመኑ የማይንዝ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ኢቮ ሽትሬከር ጥረት የተቋቋመው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም ዕቃ ከማስቀመጥ አልፎ የየብሔረሰቡን ሰዎች በአንድ አዳራሽ እያገናኘ ያወያይ ነበር። አዲስ አበባ መካኒሳ በ2011 ዓ.ም የተከፈተው ዞማ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የጭቃ ምርግን፣ የአገር ቤት ግንብንና የአትክልት ስፍራን ራሱን የሙዚየሙ ዋና ሥራ አደረጉት። እዚያ የሚጎበኘው ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውን የሠሩት ሰዎችም አብረው ይገኛሉ።

በዓለም ላይ ሠሪውን መሰየም አያስፈልግም ያለ ትልቅ ሰው እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። ጃፓናዊው ያናጊ ሶኤትሱ እ.ኤ.አ. በ1936 ቶኪዮ ላይ የሕዝብ ዕደ ጥበብ ሙዚየም ሲከፍት፣ እውነተኛ ውበት ስሙ ከማይታወቅ ሸክላ ሠሪ ለዕለት ጥቅም ከተሠራ ዕቃ ይገኛል ብሎ ያምን ነበር። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ ትሕትናንም ያስተምራል። ነገር ግን ያናጊ የጻፈው ሸክላ ሠሪ ማንነቱ የማያሳፍርበት አገር ውስጥ ሆኖ ነው። ሰው በሙያው ምክንያት በተገለለበት አገር ስምን መተው ትሕትና ሊሆን አይችልም፤ መገለሉን ያጸናዋል። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የኒጀር ይመስለኛል። በቡቡ ሃማ ጥረት እ.ኤ.አ. በ1959 ኒያሜ ላይ የተከፈተው ብሔራዊ ሙዚየም በግቢው ውስጥ ለቆዳ ሠሪዎች፣ ለብር ሠሪዎችና ለሸማኔዎች የሥራ ቦታ ሰጠ። ጎብኚው መስታወት ውስጥ ያየውን ዕቃ ወጣ ብሎ ሲሠራ ያየዋል፤ ከሠሪውም ይገዛል።

አሁን ወደ ጌዴኦ። ቱቱ ፈላ፣ ጨልባ ቱቱቲና ሳካሮ ሶዶ ያሉት ትክል ድንጋዮች የዓለምን ዓይን እየሳቡ ነው። ሮዤ ጁሶም ቱቱ ፈላ ላይ ባደረገው ቁፋሮ በአንድ ስፍራ ሁለት የመቃብር ዘመን እንደተደራረበ፣ የወንድ ብልት ቅርጽ ያላቸው ድንጋዮች ቀድመው የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው በኋላ እንደመጡ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት የሳካሮ ሶዶን ድንጋዮች ዕድሜ ወደ መጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን መልሶታል፤ ቀድሞ ከሚገመተው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። በመስከረም 2016 ዓ.ም ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። መዝገቡ ድንጋዩን ብቻ አላየም። ትላልቅ ዛፎች ከላይ፣ እንሰቱ ከሥራቸው፣ ቡናው ከዚያ በታች የሚኖሩበትን እርሻ፣ የተቀደሱትን ጫካዎችና ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረውን አገር በቀል እውቀት አንድ ላይ ነው የተቀበለው።

እንግዲህ ዲላ ላይ ወይም ቡናዋ በስሟ በሚሸጠው ዱመርሶ ሙዚየም ቢታሰብ ዋናው ዕቃ የቱ ነው? ብዙ ሰው ወዲያው ድንጋዩን ይላል። ድንጋዩ ግን ከቆመበት መነቀል የለበትም፤ ሙዚየሙ ያለው እዚያው ጋራው ላይ ነው። ቤት የሚያስፈልገው የማይቆየው ነገር ነው። እንሰት የሚፋቅበት የቀርከሃ መሣሪያና ሳንቃ፣ የቆጮ መቁረጫው፣ ከቃጫ የተገመደው ገመድ፣ በደጋው ቀርከሃ የተሠራው ቅርጫትና የቤቱ ግድግዳ፣ የቡናው ጀበና። እነዚህ ሲያረጁ ይጣላሉ፤ አዲስ ይሠራል። የእንሰት ሥራ የሴቶች ሥራ ነው፤ ስለዚህ የዚህ አካባቢ የዕደ ጥበብ ታሪክ በከፊል ማንም መዝግቦት የማያውቅ የእናቶች ታሪክ ነው።

ለሙዚየም ባለሙያ አስቸጋሪው ነገርም እዚህ ይጀምራል። በኩሽና ውስጥ የኖረ ቀርከሃ በጭስ ተጠብቆ ይቆያል፤ ነቀዝ አይደፍረውም። ከጭሱ አውጥተው ነጭ በተቀባ ክፍል ሲያስቀምጡት ግን በክረምቱ እርጥበት ይሻግታል፣ ነቀዙም ይገባበታል። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ትልቅ ሕንፃ መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው ሠሪዋ ናት፤ ቅርጫቱ ሲበላሽ ሁለተኛውን የምትሠራው፣ የተሠራበትንም መንገድ ለልጇ የምታሳየው እሷ ናት። ሙዚየሙ ከእሷ ጋር ግንኙነቱን ካቋረጠ የሚያስቀምጠው እየፈረሰ ያለ ነገር ነው። ስሟን መመዝገብ ክብር ከመሆኑም በላይ የጥገና ዘዴ ነው።

በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የተከሰተው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ማፈናቀሉን የረሳ የለም። ልጅ ያዘለች እናት ቤቷን ትታ ስትሸሽ የእንሰት መፋቂያዋን አትይዝም። የሰው ሕይወት ከሁሉ ይበልጣል፤ ስለ ዕቃ ማንሳት ራሱ ይከብዳል። ነገር ግን ቤት ተቃጥሎ እንደገና ሲሠራ፣ የቀድሞው ቤት ውስጥ ምን እንደነበረ የሚያሳይ አንዲት ፎቶግራፍ የሌለው ቤተሰብ ለልጆቹ የሚያሳየው ነገር ያጣል።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ የአገር በቀል ጥናት ተቋምም አለው። ታደሰ ኪጴን የመሰሉ ምሁራን የጌዴኦን የመሬት አያያዝ ከሃያ ዓመት በፊት በመጽሐፍ አሳይተዋል። የአራት ኪሎ ተማሪዎች በመጽሔታቸው የሠሩትን የዲላ ተማሪዎች በተሻለ መሣሪያ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ስልካቸው ፎቶም ድምፅም ይቀዳል። ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሆይናትስኪም ሕንፃ አልጠበቀም። መጀመሪያ መዝገቡ ይከፈት። ተማሪው ከቡና ለቀማ ወቅት ውጭ፣ እናቶች ጊዜ ባላቸው ወር ወደ ቤታቸው ይሂድ፤ ከነጋዴ ሳይሆን ከሠሪዋ እጅ ይግዛ። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ይህ ይሁን፦ የዕቃው ስም በጌዴኡፋ፣ የሠራችው ሰው ሙሉ ስም፣ ስሟ እንዲታይ መፍቀዷ፣ ከማን እንደተማረች፣ ቀርከሃው ከየት ጓሮ እንደተቆረጠ፣ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ስንት ብር እንደተከፈላት። የሰብሳቢው ስም በመጨረሻው መስመር ላይ ይስፈር። የካርዱ አንድ ቅጂ ዲላ ይቀመጥ፣ ሁለተኛው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ሦስተኛው ሠሪዋ ቤት።